ስም የተጻፈበት ኩባያ

የልብስ ሳሙና ሽታ ያናድደኛል። የሚሰማኝ ሰው ሁሉ ይስቃል፣ ባለቤቴ ግን ስለለመደችው ልብስ ልታጥብ ስትነሳ ቀድማ ታስጠነቅቀኛለች፤ እኔም ሰበብ ፈልጌ ከቤት እወጣለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ማምለጫ አላገኘሁም። የስምንት ዓመቷ ልጄ ሜሮን አንዲት ሮዝ የፕላስቲክ ኩባያ በልብስ ሳሙና ስታሽ ቆይታ፣ አረፋው ከክርኗ እየተንጠባጠበ መጣችና ማርከር አስጨበጠችኝ። "አባዬ፣ ስሜን ጻፍልኝ። ነገ ስሙ የተጻፈበት ኩባያ ያላመጣ ልጅ ውሃ አይሰጠውም ተብለናል።" ማን እንዳለ ስጠይቃት የእሁድ አስተማሪዋ መሆኗን ነገረችኝ፤ ደንቡም ዛሬ የወጣ ሳይሆን የቀድሞዎቹ የቤተክርስቲያን አባቶች ለንጽህና ብለው የሠሩት ነው አለችኝ። ለንጽህና! ማርከሩን እንደያዝኩ ደሜ ፈላ።

ያ የቤተክርስቲያናችን ግቢ ዛሬ የብሎኬት አዳራሽ ቆሞበታል፣ ድምፅ ማጉያው ጎረቤታችን አማን ከተማ ድረስ ይሰማል። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ደርግ በወደቀ ማግስት፣ የነበረን አንድ የጭቃ ቤት ብቻ ነው። እሱንም ቀበሌው ወርሶ የቡና መጋዘን አድርጎት ኖሮ ገና መመለሱ ስለነበር ግድግዳውም ወለሉም ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ይሸት ነበር። ጸሎቱ ሲረዝምብን ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ተረስቶ የቀረውን ቡና በጣታችን እየፈለፈልን እናወጣለን፤ "አሜን" ሲባል የሁላችንም እጅ ሙሉ ነው። የሚዛን ተፈሪ ዝናብ እንደሆነ እሁድን ከሰኞ አይለይም። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድበት የሰው ድምፅ አይሰማም፤ ያኔ አስተማሪያችን የጀመረችውን ትታ የኖኅን ታሪክ በእጇ ምልክት ታሳየን ነበር።

አስተማሪያችን እትዬ ማርታ ትባላለች። ከዱራሜ በኩል የመጣች፣ የግብርና ሠራተኛ ሚስት ነበረች። አማርኛ ለእሷም ለእኛም ሁለተኛ ቋንቋ ስለነበር እሷ በከምባትኛ ቅላጼ ትጠይቃለች፣ እኛ በቤንችኛ ቅላጼ እንመልሳለን፣ ማንም በማንም አይስቅም። አንድ አረንጓዴ ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ትወጥርና ከወረቀት የተቆረጡ ሰዎች ትለጥፍበታለች። ዳዊትም ጎልያድም ሙሴም ፈረንጅ ይመስሉ ነበር፤ ፈርዖን ብቻ ጠየም ስለሚል ክፋቱን ይቅር ብለን እሱን እንወደው ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ የተቀቀለ ጎደሬ ታድለናለች። ጎደሬ ያለ ውሃ ጉሮሮ ስለሚያንቅ ከጄሪካን ቀድታ በአንዲት የወተት ዱቄት ጣሳ ተራ በተራ ታጠጣን ነበር።

ዘነበች የመጣችው ያን ጊዜ ነው። እናቷ ከጫካው ዳር ከሚኖሩት፣ ከሰል ከሚያከስሉት ሰዎች ወገን ናት። የጎሳቸውን ስም እዚህ አልጽፈውም፣ ከተማችን ስድብ አድርጎታልና። ከሰላቸውን እንገዛለን፣ ማራቸውን እንልሳለን፣ ቤታችን ግን አይገቡም፤ እኛ ከምንጠጣበት ዕቃ አይጠጡም፣ ሰላምታው እንኳ ከሩቅ ነው። እሁድ እሁድ እናቷ ከሰሉን በየቤቱ እስክታደርስ ዘነበች መስኮታችን ስር ቆማ ታዳምጥ ኖሯል። አንድ ቀን እትዬ ማርታ ጥያቄ ጠይቃ ሁላችንም ስንጠፋ መልሱ ከመስኮቱ ውጭ መጣ። እትዬ ማርታ ወጥታ እጇን ይዛ አስገባቻትና "ተጠጉላት" አለችን። ተጠጋን፤ እንዲያውም ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ለቀቅንላት።

ያን ቀን ጣሳዋን መጀመሪያ ለዘነበች ሰጠች፣ ከእሷ ተቀብላ ራሷ ጠጣች፣ ከዚያ ወደ እኛ አዞረችው። ጎደሬው ጉሮሯችን ላይ ቆሟል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ መሃል ውሃ ጠምቶን እርስ በርስ ተያየን። አንዱ ደፍሮ ጠጣ፣ ሁላችንም ተከተልነው፣ የሞተም የታመመም አልነበረም። ልጅ ምስጢር አይቋጥርም የሚሉት ውሸት ነው፤ ወራት ሙሉ ከዚያች ጣሳ ስንጠጣ አንዳችንም ቤታችን ትንፍሽ አላልንም።

የልጆች ቀን ሲደርስ እትዬ ማርታ የደጉን ሳምራዊ ታሪክ በወረቀቶቿ ልታሳይ አስባ ነበር፣ ነገር ግን ሳምራዊውን ምስጥ በልቶት ተገኘ። ስለዚህ ታሪኩ በድራማ ይሁን ተባለ። ሌቦች ደብድበው መንገድ ዳር የጣሉትን ሰውዬ እኔ ሆንኩ፣ አወዳደቄ ጥሩ ነው ተብዬ። ካህኑና ሌዋዊው ሸሚዛቸው የተተኮሰላቸው ሁለት ልጆች ነበሩ። አህያው ወፍራሙ ጓደኛዬ ነው፤ ከሁላችንም በላይ የተለማመደው እሱ ነበር። በመጽሐፉ ሳምራዊው ቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን ያፈስሳል። እኛ ቤተክርስቲያን ግን ወይን በጨዋታም ቢሆን አይነሳምና እትዬ ማርታ በጣሳ ውሃ ተካችው። ሳምራዊውን የምትሠራው ዘነበች ነበረች፤ ይህን ከእሷና ከእኛ ከልጆቹ በቀር ማንም አያውቅም።

በዕለቱ አባቴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ስለ እሱ አንድ ነገር ልናገር። በደርግ ጊዜ እምነትህን ካድ ቢባል እምቢ ብሎ የታሰረ ሰው ነው። በየዓመቱ ሲመሰክር አንዲት ነገር ሳያነሳ አያልፍም፦ እስር ቤት ከሌባውም ከነፍሰ ገዳዩም ጋር በአንዲት ጣሳ ውሃ እየተቀባበሉ መጠጣታቸውን፣ ያቺም ጣሳ ለእሱ የጌታ ጽዋ እንደነበረች። ይህን ሲናገር እናቶች ያለቅሳሉ፣ እኔም በአባቴ እየኮራሁ አብሬ አለቅስ ነበር።

ካህኑ እያየኝ አለፈ። ሌዋዊውም አለፈ። ሕዝቡ ከንፈሩን መጠጠ፣ አባቴም "ወይ ጭካኔ!" ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ከዚያ ዘነበች የእትዬ ማርታን ቢጫ ሻርፕ ራሷ ላይ ጠምጥማ ከኋላ በር ገባች። አጠገቤ ተንበርክካ ጭንቅላቴን ክንዷ ላይ አስደገፈችኝና በልምምዳችን ላይ ያልነበረ ቃል ተናገረች። "አይዞህ፣ ጠጣ" አለችኝ ቀስ ብላ። ጠጣሁ።

ቀና ስል አባቴ ከላዬ ቆሟል። ክንዴን አፈፍ አድርጎ ሲያነሳኝ ጣሳዋ ወድቃ ከአግዳሚዎቹ ስር ተንከባለለች። ዘነበችን አልተቆጣትም፣ አልሰደባትም፣ ዞር ብሎም አላያትም፤ ሰው እዚያ የተንበረከከ አልመሰለውም። እየጎተተ ጓሮ ወሰደኝና የጣሪያው ውሃ ከሚጠራቀምበት በርሜል አጠገብ "አፍህን ክፈት!" አለኝ። ከንፈሬን፣ ጥርሴን፣ ምላሴን በልብስ ሳሙና አጠበኝ። ስተፋ ደግሞ አጠበኝ። ከውስጥ አንድ ሰው ነውሩን ለመሸፈን መዝሙር አነሳ፣ ሌሎቹም ተቀበሉት። ስለ ፍቅር የሚናገር መዝሙር ነበር።

በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ተሰበሰቡ፤ እኔም መጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። እትዬ ማርታን ምእመናኑን አሰናከልሽ አሏት፣ ሁሉም በጊዜው ይሆናል፣ ምን አስቸኮለሽ አሏት። አልጮኸችም። "እኔም ከዚያው ጣሳ ጠጥቻለሁ" አለች። "ልጆቻችሁም ሲጠጡ ነው የከረሙት። እኛንስ በምን ታጥቡናላችሁ?" አንዱ ሽማግሌ አሳለው። ማስተማሯን እንድታቆም ነገሯትና ሁለተኛ ውሳኔ ጨመሩ፣ ከእንግዲህ ለንጽህና ሲባል እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ኩባያ ይዞ ይምጣ የሚል። ንጽህና የሚለውን ቃል ያመጣው አባቴ ነው። ብዙም ሳይቆይ የእትዬ ማርታ ባል ወደ ቴፒ ተዛወረ፣ አረንጓዴውን ብርድ ልብስ ጠቅልላ ይዛ ሄደች።

ዘነበች ግን ተመልሳ መጣች። የራሷን ኩባያ ይዛ መጣች! ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠ፣ ከንፈር እንዳይቆርጥ ጠርዙ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ በአመድ ተፈትጎ የሚያብረቀርቅ ኩባያ ነበር። ደንቡን ሰምታ፣ ደንቡ እውነት መስሏት ነው። አዲሱ አስተማሪ ከሌሎቹ ኩባያዎች ጋር እንዳይነካካ ውጭ መስኮቱ ላይ አኑሪው አላት፤ አኖረችው። ትምህርቱን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብላ ሰማችና ወጥታ ሄደች፣ ኩባያውንም አልወሰደችውም። ከዚያ ወዲህ ከሰል ይዛ የምትመጣው እናቷ ብቻ ሆነች። ኩባያው ዝናብ እየሞላው፣ እየፈሰሰና እየዛገ ብዙ ጊዜ እዚያው ቆየ።

አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ከተማው ሁሉ ወጥቶ በክብር ቀበረው። እወደዋለሁ፣ ዛሬም ድረስ ግን ተናድጄበታለሁ፤ ካድሬ ያላሸነፈውን ሰው አንዲት ጣሳ አሸነፈችው። ደግሞም እንደ ሌላው ሰው ልጅነቴን እንዳልናፍቅ አደረገኝ። የጀንፈሉን ሽታ፣ የኖኅን ዝናብ፣ የእትዬ ማርታን ጎደሬ ላስታውስ ስል ቀድሞ ምላሴ ላይ የሚመጣው ሳሙናው ነው። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ነውራችን ዕድሜ ሲጠግብ ደንብ መሆኑ፣ ደንቡም የአባቶች ቅርስ ተብሎ መመስገኑ ነው።

ልጄ እንዳይጠማት ስሟን ጻፍኩ፤ እየተናደድኩ ጻፍኩ። እሁድ ራሴ ወሰድኳት። ኩባያዎቹ መደርደሪያ ላይ በሥርዓት ተደርድረዋል፣ ስማቸውን አንድ በአንድ አነበብኩ፣ የሁሉንም ወላጆች አውቃለሁ። ከጫካው ዳር ሰዎች የአንድም ልጅ ኩባያ የለም። አስተማሪዋን ስለ እነሱ ብጠይቃት "እነሱ እንኳ አይመጡም፣ ብዙም አይወዱም መሰለኝ" አለችኝ። ወጣት ናት፣ ክፋት የለባትም፣ የነገሯትን ነው የምትናገረው።

ወደ ቤት ስንመለስ ሜሮን የተማረችውን በእጇ እያሳየች ታወራኝ ጀመር። የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ነው። ሌቦቹ ሰውዬውን ደበደቡት፣ ገንዘቡን ወሰዱ፣ ጫማውን ወሰዱ፣ ልብሱን ሳይቀር ገፈፉት፣ አንድም ነገር አልተዉለትም አለችኝ። ካህኑ አለፈ፣ ሌላውም አለፈ፣ ደጉ ሰውዬ ግን ቀና አድርጎ ውሃ አጠጣው። ውሃ! የእትዬ ማርታ ውሃ እስካሁን ከታሪኩ አልወጣም። እንባዬ መጣ፣ ልጄ እንዳታይብኝ ፊቴን አዞርኩ።

"በማን ኩባያ ነው ያጠጣው?" አልኳት።

የሞኝ ጥያቄ ሆኖባት ቆም ብላ አየችኝ።

"በራሱ በሰውዬው ኩባያ ነዋ አባዬ፣ ስሙ በተጻፈበት።"