ያላስነቀለችው ቀይ እንሰት

ሰዎች ሥዕሌ ፊት ቆመው «ይሄ ምንድን ነው?» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። የምንም ነገር ሥዕል አይደለም፣ ቀለም ነው። ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ፤ ሞርሲቶ ካለው የእናቴ ጓሮ፣ ከአንድ እንሰት።

የዚያ እንሰት የቅጠሉ መሐል ዘንግ ደም የመሰለ ቀይ ነበር። እኛ ጋ እንዲህ ያለው ለቆጮ አይፋቅም። አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ይጠበቃል፤ ከሥር ያለው አሚቾው ተቀቅሎ በወተት ይበላል። እናቴ የነበራት አንድ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የጠዋት ፀሐይ ቅጠሉን ስታልፍበት ቀዩ ወደ አረንጓዴው እንዴት እንደሚገባ ለማየት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሆሳዕና በሚኒባስ እሄድ ነበር።

«ሥዕሌን እስክጨርስ ማንም እንዳይነካብኝ፣ አደራ» አልኳት።

«እንሰት ቆሞ የሚያይ ሰው ዛሬ አየሁ!» ብላ ሳቀችብኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ መሄዱን ተውኩት። የእኔ ሥራ መቀነስ ነው። ከሥዕሉ መጀመሪያ ግንዱን አወጣሁ፣ ከዚያ ቅጠሉን። ቀለም እደርባለሁ፣ በቢላ እፍቃለሁ፣ መልሼ እደርባለሁ። በመጨረሻ ያ ቀይ ብቻ ሲቀር እንሰቱ ራሱ አላስፈለገኝም። ይህን ለእናቴ መንገር ግን ትዝም አላለኝ። ስትደውል «እየሠራሁ ነው» እላታለሁ፣ በቃ።

ክረምት ላይ ጭቃ አዳልጧት ቀኝ እጇ ተሰበረ። ሐኪም ቤት በጀሶ አሰሩላት። ለእኔ ጎረቤቶቿ «ትንሽ ወለም ብሏት ነው» አሉኝ፤ እኔም ሥራ በዝቶብኛል ብዬ ቀረሁ። ጀሶው ሲፈታ እጇ ጣመም ብሎ ቀረ። ያኔ ነው አክስቴ ከጃጁራ ደውላ የጮኸችብኝ።

«እንሰቱን ልነቅልላት ዶማ ይዤ ሄጄ ነበር። ልጄ አልጨረሰም፣ አደራ ብሎኛል ብላ አላስነካም አለችኝ። ምን አድርገህባት ነው?»

አሚቾ አጥንት ይጠግን አይጠግን አላውቅም። እናቴ ግን ታምንበታለች። እያመነችበት ለእኔ ብላ ተወችው። ራሴን ጠላሁ።

ሞርሲቶ ስደርስ እንሰቱ አብቦ ነበር። እንሰት የሚያብበው አንዴ ነው፤ ካበበ በኋላ ሥሩ ለምንም አይሆንም፣ እዚያው ይደርቃል። እናቴ ግራ እጇን ዘርግታ ሳመችኝና በሀዲይኛ «ጨረስክ?» አለችኝ።

ሥዕሉ አዲስ አበባ አንድ አዳራሽ ውስጥ ከተሰቀለ ወራት አልፎታል።

«ገና ነኝ፣ እማዬ።»

ፊቷ በራ። «እንኳን አላስነቀልኩት! በል ቶሎ በል፣ መድረቁ ነው።»

ደብተሬን አወጣሁ። እሷ በደንብ እንዲታየኝ ብላ የደረቀውን ቅጠል በዚያ በተጣመመ እጇ ገለጥ አድርጋ ይዛልኝ ቆመች።