ወደ ኋላ የሚሄደው ባቡር

ሬዲዮ ጠጋኙ ጎረቤታችን የልጅነቱን የአሻንጉሊት ባቡር ለመጠገን ሰፈሩን አመሰው። ለሠላሳ ዓመት ያላያት እህቱ ልትመጣ ነው፤ አብረው እየተጫወቱ ያደጉበት ባቡር ሲሄድ እንድታይለት ጓጉቷል። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው የሞተሩ ካርቦን ግን አልቋል፤ ምትኩም ከየሱቁ ጠፋ። በመጨረሻ ከሚስቱ ፀጉር ማድረቂያ ፈልቅቆ፣ በሞረድ አሳንሶ ገጠመው። ሚስቱ ማድረቂያውን መብራት ያቃጠለባት ይመስላታል፤ እኔ ምን አገባኝ!

እህቱ መጣች። ባቡሩ ወደ ፊት ተፈተለከ። ፊቷ ግን አልፈካም።

«አንተዬ፣ ይሄማ የኛ አይደለም። የኛ ወደ ኋላ ነበር የሚሄደው።»

ሳቁ አመለጠው። ያኔ በአሥር ዓመቱ የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች በስህተት አቀያይሮ በይዷቸው ነበር፤ አሁን ሲጠግን አስተካክሏቸዋል። መበየጃ ካውያውን አግሎ እንደ ድሮው አቀያየራቸው።

ባቡሩ ወደ ኋላ ሲንደረደር እህቱ ወለሉ ላይ ተንበረከከች።

«እሱ ነው! እሱ ራሱ!»