ሰባት ጊዜ የታጠበው ሱሪ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ፣ ከፊቴ ከሚሄደው የቆሻሻ መኪና የኮመጠጠ ዳቦና የረጠበ እበት የተቀላቀለበት የሚመስል ሽታ ወጥቶ መኪናዬን ሞላውና፣ እጄ ሳላዘው መስታወቱን ዘጋ። ቀጥሎም እናቴን ለማየት ዞር አልሁ፤ እናቴ ግን አጠገቤ አልነበረችም። በልጅነቴ ይህ ሽታ ሲመጣ መጀመሪያ መስኮት መዝጋት፣ ከዚያ የእናቴን ፊት ማየት ልማዴ ነበር።

በምሥራቅ ላስ ቬጋስ፣ ዊንቸስተር ከሚባለው ሰፈር አፓርታማችን ወጥተን፣ ወደ ሰሜን፣ ከተማው አልቆ ጠፍ መሬቱ ወደሚጀምርበት ዳርቻ የተዛወርነው በ2020 መግቢያ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነበር። አባቴ ቤቱን ያየው በብርድ፣ ነፋሱም ወደ ሌላ በኩል በሚነፍስበት ቀን ስለነበር፣ ግቢ አለው፣ ኪራዩም ርካሽ ነው ብሎ ደስ እያለው ፈረመ። ለምን እንደረከሰ የጠየቀ የለም። ሙቀቱ ሲጀምር ነፋሱ ዞረና፣ ከጠፍ መሬቱ ማዶ የሚታየው ረጅም የቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ የአሳማ እርባታ መሆኑ ታወቀን። ከደሴ የመጣን ሙስሊሞች ነን፤ እናቴ እንስሳውን በስሙ መጥራት እንኳ ስለማትፈልግ «እነዚያ» ነበር የምትላቸው።

በዚያው ጸደይ በወረርሽኙ ምክንያት ካዚኖዎቹ ተዘጉና፣ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሳህን ያጥብ የነበረው አባቴ ከሥራ ወጣ። ሥራው ከቡፌው የተረፈውን ምግብ እየጠረገ ትልልቅ በርሜል ውስጥ መጨመርም ነበር፤ በርሜሉ የት እንደሚሄድ ግን ጠይቆ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ስልኩን ይዞ ሶፋው ላይ ይቀመጥ ነበር፣ እናቴም ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ በቀስታ ታናግረው ነበር።

ሐምሌ ሲገባ ነገሩ ባሰ። በውኃ የሚሠራው አሮጌው ማቀዝቀዣችን አየር የሚስበው ከውጭ ስለነበር፣ ሲከፈት ሽታው ይገባል፣ ሲዘጋ በሙቀት እንቀቀላለን። ዝንቡ ተነግሮ አያልቅም። እናቴ ሻሿን አፍንጫዋ ላይ እየጎተተች ትሰግድ ነበርና፣ ሶላቷ እንዳይበላሽ ሰግታ ቁርኣን የሚያስተምረኝን ኡስታዝ በስልክ ስትጠይቀው «ሽታ ነጃሳ አይደለም፣ አያረክስም፣ ስገጂ» አላት። መልሱ ግን ልቧ አልገባም፤ መስገጃዋን እንደገና ታጥበው ነበር።

ጎረቤታችን ሉፔ የሚባሉ የሜክሲኮ አሮጊት ነበሩ፤ ማቲዮ የሚባለውን የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳድጉ ነበር። ማቲዮ አስም ስለነበረበት፣ ሽታው ሲበረታ ደረቱ ያፏጭ ነበር፣ ግቢ ወጥቶም አይጫወትም። እናቴና ሉፔ የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። በአጥር ላይ ሆነው ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ በአገጫቸው ያመለክቱና፣ ሁለቱም አፍንጫቸውን ይዘው ይስቁ ነበር፤ ከዚያ በላይ የሆነውን እኔ አስተረጉም ነበር። ሉፔ ለከተማው አቤት ለማለት ፊርማ እንደሚያሰባስቡ በነገሩን ቀን፣ እናቴ «መጀመሪያ የምፈርመው እኔ ነኝ በያቸው» አለችኝና ነገርኋቸው።

በነሐሴ አባቴ ሥራ አገኘ። ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ ነው አለ። ማለዳ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ይመለስና፣ ልብሱን ጋራዡ ውስጥ ቀይሮ፣ ገላውን ሳይታጠብ አይጨብጠንም፣ እኔንም አይስመኝም ነበር። የዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ከሰው ይሸሽ ስለነበር፣ ኮሮናን ፈርቶ ነው አልሁ። ታጥቦ ሲወጣ የሳሙናው ሽታ ብቻ ነበር የሚሸተኝ፣ እሱም ከልክ በላይ።

ብርዱ ሲገባ ቁርኣን የምንማረው በዙም ነበር። አንድ ቅዳሜ ኡስታዙ አሳማ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ እንደሚታጠብ፣ ከሰባቱ አንዱም በአፈር እንደሆነ አስተማረን። በማግሥቱ በመስኮት ስመለከት፣ እናቴ ግቢው ውስጥ ባልዲ አስቀምጣ፣ ከዛፉ ሥር አፈር በእፍኟ እየዘገነች የአባቴን የሥራ ሱሪ ታሸው ነበር። ቆጠርሁ። ሰባተኛው ላይ ጨምቃ አሰጣችው፣ ሲደርቅም አጥፋ ጋራዡ ውስጥ፣ እሱ የተወው ቦታ መለሰችው። አባቴ መስኮታችንን ሁሉ የሚያስዘጋን እርባታ ተቀጥሮ፣ ከመደብሮች የተጣለ ዳቦና ወተት እየጫነ ለእነዚያ ያቀርብ ነበር። ይህን እኔ አወቅሁ፣ እናቴ አውቃለች፣ ሱሪው ታጥቦ ሲያገኘው እሱም ማወቋን አውቋል። እራት ላይ ግን ሦስታችንም ስለ አየሩ ብርድ እናወራለን። ማንን መቆጣት እንዳለብኝ ግራ ገባኝ፤ የምንበላው ከዚያው ነው።

በ2021 ጸደይ፣ በረመዳን፣ ማቲዮ ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኝቶ በወጣ በሳምንቱ፣ ሉፔ ማስካቸውን አድርገው ወረቀቱን ይዘው በራችንን አንኳኩ። ከላይ ያለውን መስመር ለእናቴ ባዶ ትተውላት ነበር። እናቴ ወረቀቱን አየች፣ ወደ ጋራዡ በር አየች።

«እኛን ምንም አይሸተንም በያቸው» አለችኝ።

«እማ…»

«እንዳልኩሽ በያቸው።»

በእንግሊዝኛ ነገርኋቸው። በሩ ተከፍቶ ስለነበር ሽታው በሦስታችን መካከል ቆሟል። ሉፔ እናቴን አላዩዋትም፤ እኔን ነበር የሚያዩት።

«አንቺስ?» አሉኝ።

«እኔንም አይሸተኝም» አልሁ።

ወረቀቱን አጥፈው ሄዱ። በማፍጠሪያ ሰዓት እናቴ ሳምቡሳ በሳህን ሰጥታ ላከችኝ፤ ሉፔ ተቀበሉኝ፣ ግን አልሳቁም። ሳህኑን በማግሥቱ አጥበው፣ በሩን ሳያንኳኩ ደረጃው ላይ አስቀምጠውት አገኘነው። በዚያው ዓመት ማቲዮን ይዘው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ።

አሁን እርባታው ሄዷል፤ በቦታው ተመሳሳይ ጣሪያ ያላቸው ቤቶች ተደርድረዋል፣ እዚያ የሚኖሩትም ምን እንደነበረ አያውቁም። አባቴ ወደ ሆቴሉ ተመልሶ በሺፍት ይሠራል። እኔ ደግሞ ክሊኒክ ውስጥ አስተርጓሚ ሆኛለሁ። የሥራው የመጀመሪያ ደንብ ሰውዬው ያለውን ብቻ ማለት፣ ከራስ ምንም አለመጨመር ነው፤ ለዚህም እመሰገናለሁ። ያን ቀንም የእናቴን ቃል እንዳለ ነው ያደረስሁት፤ እሷ ባሏን ልትሸፍን ነበርና ልፈርድባት አልችልም። ሉፔ ግን ሁለተኛውን ጥያቄ የጠየቁት እኔን ነበር፣ «አይሸተኝም» በይ ያለኝም ማንም አልነበረም።