ማኅተም የተመታበት «አይታወቅም»

ነጌሌ ከተማ፣ ላቦራቶሪው በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ወተት ሻጭ ከጎኔ ተቀምጣለች። የወተት ጀሪካኗን በጉልበቶቿ መሃል አጥብቃ ይዛለች፤ ሻሿ ጭስ ጭስ ይሸታል።

ባለሙያው ወረቀት ይዞ ወጣና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ፣ የሄርፒሱ፣ የአባላዘር በሽታው፣ የደም ምርመራ አልለየለትም። አለብዎትም የለብዎትም ማለት አይቻልም። ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል።»

«ምን ያንሾካሽክሃል? እንደሱ ብለህ ጻፍና ማኅተም ምታበት!» አለች ጮክ ብላ። «አማቴ ገና ሳልመረመር ‹አለባት› ብላ ለገበያው ሁሉ አዳርሳለች። ልጇም ከሞያሌ ሲመለስ ደሙን ይሰጣል፤ እኔ ብቻዬን አልወጋም።»

«አይታወቅም» ብሎ ጽፎ ማኅተም መታላት፤ እስኪደርቅ እፍ፣ እፍ አለችበት።

እኔ የራሴን ውጤት ጉያዬ ውስጥ ወሽቄያለሁ። እሷ የሷን ገልጣ እንደያዘች ወደ ገበያው ሄደች።