ለልጄ መኪና የመረጥነው ሞተር

ለልጄ አክስቷ ከጎንደር የሪሞት መኪና አምጥታላት ነበር። ከጎረቤት ልጆች ጋር በተወዳደረች ቁጥር መጨረሻ ትወጣለች። መኪናዋን አቅፋ ትገባና ምሳ እንኳ ቅመሽ ስላት እንቢ ትላለች።

«ሞተሩ ነው እማዬ። ፈጣን ይገዛልኝ» አለችኝ አንድ ቀን።

ቅዳሜ ከምንኖርበት ከኮኪት በሚኒባስ ሸሕዲ ከተማ ወሰድኋት። ስልክና ሬዲዮ የሚጠግነው ሰውዬ አውራ ጣት የማያካክሉ ሁለት ሞተሮች ፊታችን አስቀመጠ።

«ይኸኛው ረጋ ያለ ነው፤ ጉልበት አለው። ያኛው ግን ይበራል። ቶሎ ይግላል እንጂ፤ በዚህ በኛ ሙቀት ደግሞ…» ብሎ ወደኔ ቀና አለ። «እርስዎ ይወስኑ፣ እታለም።»

«የሚበረውን!» አለች ልጄ፣ አፌን ሳልከፍት።

«ቢቃጠልስ?» አልሁት።

«እያረፈ ይነዳ። ከሸተተ ወዲያው ማጥፋት ነው።»

«ከሸተተ» ያላት ነገር ሆዴ ውስጥ ቀረች። የልጄን ፊት ሳይ ግን እንቢ ማለት አቃተኝ። ሰውዬው ሞተሩን ገጠመላት። ስንመለስ መኪናዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር፤ እኔ ሞተሩ ሳይበራ እንኳ እየደጋገምሁ በመዳፌ እነካው ነበር፣ ጋለ አልጋለ እያልሁ።

በማግሥቱ ልጆቹ ሰፈራችን ባለው የሰሊጥ መጋዘን ግቢ ተሰበሰቡ፤ ሲሚንቶው ለውድድር ይመቻል። የውጭው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከበሩ ማዶ ወደ መተማ የሚወስደው አስፋልት ነው።

«አባባ፣ በሩን ይዝጉልን» አልኋቸው ዘበኛውን።

«የሚወጣ መኪና አለ ልጄ፤ ትንሽ ታገሡ።»

ልጆቹ አልታገሡም። የልጄ መኪና ሁሉንም ጥላ ተፈተለከች። ልታጠፋት ሪሞቱን ብትጫን ብትጫን እንቢ አለቻት፤ በበሩ ወጥታ አስፋልቱ ላይ ገባች። ልጄም ተከትላት ሮጠች። ከወዲያ በኩል የአጨዳ ሠራተኛ የሞላበት የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ይመጣል። ጮኽሁ።

ዘበኛው በሩ ላይ ዱላቸውን ደረቷ ላይ ጋረዱባት። የጭነት መኪናው አቧራውን አልብሶን አለፈ። አቧራው ሲገለጥ ሪሞቱን እንደጨበጠች ቆማለች፤ ትንሿ መኪናዋ ቦዩ ውስጥ ተገልብጣ ጎማዋ ይሽከረከራል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል።

«አንደኛ ወጣሁ አይደል?» አለችኝ፤ ከዚያ አለቀሰች። እኔም አቅፌያት መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

ከሳምንታት በኋላ ሸሕዲ ተመለስን። ረጋ ያለውን ሞተር ራሷ አነሣችው።

«ይኸ ሲያጠፉት ይታዘዛል?» አለችው ሰውየውን።

«ይታዘዛል።»

ዛሬ አንዳንዴ ሁለተኛ፣ አንዳንዴም አንደኛ ትወጣለች። ውድድር ባለ ቁጥር በሩ ተዘግቶም ቢሆን እኔ እዚያው በሩ ላይ ነኝ። ልጆቹ ይሥቁብኛል፤ እኔ ግን ከዚያ ፈቀቅ ማለት አልቻልሁም።