የጓያ መርዝ ይበላል የተባለው ባክቴሪያ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ አንድ ነጭ ጋውንና ባልዲ ሙሉ ያልታጠበ የመስታወት ቱቦ ነበር። ማዕረጌ ረዳት የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አስናቀ በሩ ላይ ቆመው፣ «የላሊበላ ልጅ ነሽ አሉ» አሉኝ።

«አዎ፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው ጓያ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ላንቺ አላስረዳም።»

ማስረዳትም አያስፈልግም ነበር። ላስታ ውስጥ ዝናብ ሲጠፋ ገብሱም ባቄላውም ይቀራል፤ ጓያ ግን ይበቅላል። ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው ጉልበቱ ይታሰራል። አንዴ ከታሰረ አይፈታም። በሁለት ዱላ ገበያ የሚወጡ ጎልማሶችን እያየሁ ነው ያደግኩት።

የክፍላችን ሥራ ያንን መርዝ የሚሰባብር ባክቴሪያ መፈለግ ነበር። ጓያ ለብዙ ዘመን በተዘራበት አፈር ውስጥ መርዙን ምግቡ ያደረገ ባክቴሪያ አይጠፋም ብለን እናስብ ነበር።

ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ አፈር እንዳመጣ እዚያው ላስታ ወዳለችው ብልባላ ተላክሁ። የቆፈርኩት የአያ ሞላን ማሳ ነው። አያ ሞላ አርባ ያልሞላቸው፣ ዳዊት የደገሙ ገበሬ ነበሩ። አፈሩን በላስቲክ ስቋጥር ቆመው አዩኝና፣ «ምን ልታደርጊው ነው?» አሉኝ።

«በውስጡ በዓይን የማይታይ ፍጥረት አለ። የሱን ፕሮቲኖች እንደ ጽሑፍ በፊደል እናነባቸዋለን። ሥራው ከታወቀ ፕሮቲን ጋር እናመሳክርና ፊደሉ ከተቀራረበ፣ ይኸኛውም ያንኑ ሥራ ይሠራል እንላለን።»

«ዳዊትን ከዳዊት እንደማመሳከር ነዋ። የፊተኛው ገልባጭ ተሳስቶ ከሆነስ?»

ሳቅሁ። ላስቲኩንም አስሬ ተነሣሁ።

ከዚያ አፈር አንድ ባክቴሪያ በፔትሪ ሳህን ላይ ለይቼ አወጣሁ። ዘረመሉ ውጭ አገር ተነብቦ ተመለሰልን። ፕሮቲኖቹን በኢንተርኔት ከሚገኘው የመረጃ ቋት ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ኔትወርኩ እየተቋረጠ ሳምንታት ፈጀብኝ። በመጨረሻ አንዱ፣ መርዙን ይሰብራል ተብሎ ከተመዘገበ ኢንዛይም ጋር ተቀራረበ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ።

እኔ ግን የተመዘገበውን ኢንዛይም ወደ ኋላ ተከታተልኩት። ስሙን ያገኘው እሱም ከሌላ ጋር በመመሳሰሉ እንጂ ተፈትኖ አልነበረም። በእርግጥ የተፈተነውን ፈልጌ አገኘሁና ከእኛውና ከተመዘገበው ጋር ሦስቱን በወረቀት አትሜ ደረደርኳቸው። የተፈተነው ኢንዛይም መርዙን በሚይዝበት ቦታ ላይ ከፕሮቲን ፊደሎች አንዱ የሆነ፣ ሂስቲዲን የሚባል አሚኖ አሲድ አለው። በእኛው ላይ በዚያ ቦታ ሌላ ገብቶበታል።

ወረቀቱን ይዤ ዶክተር አስናቀ ዘንድ ገባሁ።

«አንዲት ፊደል ናት» አሉኝ። «ሪፖርቱ ሰኞ ይገባል። የተጣራው መርዝ ከውጭ ሲመጣ በቱቦ እንፈትነዋለን።»

«እስከዚያ ረቂቁ ላይ የጻፍኩት ‹ሊሆን ይችላል› ይቆይ።»

«‹ሊሆን ይችላል› የሚል ሪፖርት ማን ያነባል? ቃሉን አውጪው።»

አወጣሁት። በገዛ እጄ።

ፕሮቲኑን መርዝ ሰባሪ ብለን ለመረጃ ቋቱ አስገባን፤ ሪፖርቱም ወደ ወረዳ ወረደ። ከወረዳ ለልማት ሠራተኛው ደረሰ፤ እሱም የማሳችሁ አፈር የጓያን መርዝ ይበላል ብሎ በቀበሌ ስብሰባ ላይ አነበበው። በዚያው ዓመት ክረምቱ ሳይዘንብ ወጣ።

የተጣራው መርዝ ደግሞ የመጣልን ዘግይቶ ነው። ባክቴሪያውን መርዝ ያለበት ፈሳሽ ውስጥ አድርጌ ሙቀቱ በተመጠነ ሣጥን፣ በኢንኩቤተር ውስጥ አስቀመጥኩ፤ በየቀኑ ለካሁ። መርዙ አልቀነሰም። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ያው ነው።

«እንግዲህ ሌላ እንፈልጋለን» አሉ ዶክተር።

«ገበሬዎቹስ?»

«በደብዳቤ ይነገራቸዋል።»

ደብዳቤው ሳይጻፍ ሰነበተ። ፈቃድ ጠይቄ ራሴ ወደ ብልባላ ሄድኩ። በር ላይ የተቀበለችኝ የአያ ሞላ ባለቤት አስካል ናት። «ዘገየሽ፣ እህቴ» አለችኝ።

አያ ሞላ ደጃፉ ላይ ባለው መደብ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሁለት ዱላ ተደግፏል። ድሮ ጓያውን ዘፍዝፈው፣ ውኃውን ደፍተው፣ ከገብስ ጋር ቀላቅለው ነበር የሚበሉት። ገብሱ አለቀ፤ ውኃው ሩቅ ነው። የእነሱ ማሳ አፈር መርዙን ይበላል ሲባሉ፣ እህሉም መርዝ የለበትም ብለው መዘፍዘፉን ተዉት።

«ተሳስተን ነው፣ አያ ሞላ። አይበላውም» አልኳቸው።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ስትጠረጥሪ ታዲያ ምን አልሽ?»

አለቃዬ ከለከሉኝ ልል አፌ ላይ መጣ። «ተናግሬ ነበር፤ ዝም በይ ስባል ዝም አልኩ» አልኳቸው።

«አይ» አሉ። አስካል ፀሐይ ያረፈበትን እግራቸውን በሁለት እጇ አንስታ ወደ ጥላው አዞረችው።

ያን ቀን ከእሷ ጋር ቤት ለቤት እየዞርን፣ ጓያውን ዘፍዝፉ፣ ብቻውን አትብሉ አልን። አንድ ቄስ፣ «ያን ጊዜም ምርምር ነው አላችሁን፣ ዛሬም ምርምር ነው ትሉናላችሁ። የትኛውን እንመን?» አሉኝ። አንዳንዱ ሰማን፤ አንዳንዱ በሩን ዘጋ።

ስህተቱ እንዲታረም ለመረጃ ቋቱ ጻፍኩ። እኛ ያስገባነው ስም ተሰረዘ። ከእኛ የቀዱ ሌሎች ግን ነበሩ፤ የእነሱ እስካሁን እንዳለ ነው። መርዙን የሚበላ ባክቴሪያ እኔ በሥራ ላይ ሳለሁ አላገኘንም። አያ ሞላ ዳግመኛ ያለ ዱላ አልሄዱም።

ኋላ የክፍሉ ኃላፊ ሆኜ ለአዲስ ሠራተኞች የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። የፊደል መመሳሰል ግምት ነው። ግምት በቱቦ ተፈትኖ እስኪረጋገጥ ድረስ ግምት ተብሎ ይጻፋል። ያልተፈተነ ነገር ሰው ወደሚበላው ምግብ አይወርድም።