ለከሰል ማያያዣ የተሰጠኝ ደብተር

ይህ የሆነው ዓምና፣ የረመዳን ጾም በተፈታ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ ለመምህራን ሻይ አፈላለሁ። ሰዎቹን በየቀኑ ስለማያቸው ነገሩን ልርሳው ብልም አልቻልኩም።

የሒሳብ መምህሩ መዓሊን ሮብሌ በድንገት ሞቱ። መዓሊን በሶማሊኛ አስተማሪ ማለት ነው፤ ሁላችንም የምንጠራቸው እንደዚያ ነበር። ከቀብሩ ሳምንት ቆይቶ ባልደረቦቻቸው በመምህራን ክፍል ለመታሰቢያ ተሰበሰቡ። ቴምርና ሳምቡሳ ቀረበ። እኔ የማፈላው በረንዳው ላይ፣ ከበሩ አጠገብ ስለሆነ የሚባለውን ሁሉ እሰማለሁ።

ምክትል ዲኑ ጀመሩ። "የመዓሊን ጭንቅላት የሰው አልነበረም፣ ዋላሂ! ለሰሌዳው ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚያስተምረው። ተማሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ ይጽፋል፣ እሱ ዞር እንኳ ሳይል ያርመዋል።"

የፊዚክሱ መምህር ቀበል አደረገ። "እኔንማ ፊት ለፊት አግኝቶኝ ሰላም ሳይለኝ ያልፋል። አንድ ቀን ትከሻውን ይዤ 'ምነው መዓሊን?' ብለው 'ሒሳብ ላይ ነኝ' አለኝ። እግሩ ጅግጅጋ፣ አእምሮው ሌላ ዓለም!"

ጉድ ነው ተባለ።

መዓሊን ሮብሌ አያዩም ነበር። ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ጨርሶት ከጥላ በቀር የሚታያቸው አልነበረም። ስንት ዓመት አብረዋቸው የሠሩ፣ ዲግሪ በዲግሪ ላይ የደረቡ ሰዎች፣ ሰውየው ብርጭቆውን እየዳበሱ ሲያነሱ እያዩ "ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው!" ይሉ ነበር። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ። ለማወቅ ሦስት ቀን በቃኝ።

በሦስተኛው ቀን ሻዩን በቀኛቸው ባስቀምጥላቸው በግራቸው ዳበሱ። ብርጭቆውን ወደ እጃቸው አስጠጋሁት።

"አባዮ" አሉኝ፤ እህቴ ማለታቸው ነው። "አወቅሽብኝ አይደል? እነዚህ ከሰሙ ነገውኑ ያሰናብቱኛል።"

"ለማንም አልናገርም" አልኩ።

"አንቺማ 'ደህና ዋሉ' ለማለትም ታፍሪያለሽ። መጻፍስ ትችያለሽ?"

ለዓመታት በጭንቅላታቸው ይዘውት የኖሩት አንድ ከባድ የሒሳብ ማረጋገጫ ነበር። ድሬዳዋ ሒሳብ ለምታጠናው ልጃቸው ለሆዳን ሊተዉላት ፈለጉ። ከምሳ በኋላ ሌሎቹ ጫት ሊቅሙ ሲበተኑ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።

የሒሳቡን ምልክቶች አላውቃቸውም። በጣታቸው አየር ላይ ይስሉልኛል። "አፉን ወደ ላይ የከፈተ ስኒ" ሲሉኝ "ይሄማ ሀ ነው!" አልኩ። ሳቁ።

"ስኒው ሲደፋስ?"

"በ።"

"በቃ፣ ሀ እና በ ብለሽ ጻፊ። ሆዳን አታጣውም።"

ተኝታ የምትጻፍ ስምንትም ነበረች፤ 'ማለቂያ የለውም' ማለት ናት አሉኝ። እንዲህ እያልን ባለ ሃምሳ ሉኩ ደብተር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሞቱ። ደብተሩ መሳቢያቸው ውስጥ ቀረ። ሌላ ቅጂ የለውም።

በመታሰቢያው መሃል ምክትል ዲኑ ከመሳቢያው የወጣውን ዕቃ በካርቶን አስመጡ። የፊዚክሱ መምህር ደብተሩን አንስቶ ገለጠው።

"ሀ... በ... ሀ... መዓሊን በስተርጅና ፊደል ይቆጥር ነበር እንዴ?"

ሳቅ ሆነ። "የጎረቤት ልጅ ደብተር ይሆናል። ዶሮ የጫረችው እኮ ነው የሚመስለው!"

ምክትል ዲኑ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። "ቆይ፣ ይህቺ የተኛችው ስምንት የሒሳብ ምልክት አይደለችም?"

ወደ በሩ ተጠጋሁ።

"ስምንት ማቆም ያቃተው ልጅ ነዋ፣ ጌታዬ!" አለ ያ የፊዚክስ ሊቅ። እንደገና ተሳቀ።

ልናገር አልኩ። ግን "የእሳቸው ነው" ብል "ታዲያ ለምን በራሱ እጅ አልጻፈም?" መባሉ አይቀርም። የደበቁት ሁሉ እነዚህ ሰዎች ፊት ሊዘረገፍ ነው። ደብተሩም እዚያው ሊቀር ነው።

"እንኪ፣ ከሰሉን አያይዢበት፤ ሻዩ ዘገየ" ብለው ምክትል ዲኑ ወረወሩልኝ።

ሁሉም ወደ እኔ እያዩ ሻያቸውን ይጠብቃሉ። ከመጨረሻው፣ ካልተጻፈበት በኩል፣ ሦስት ሉክ ገንጥዬ ለኮስኩ። ፊታቸውን ሲመልሱ የቀረውን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግኩት። ሻዩ ፈላ። እየጠጡ ስለ መዓሊን ጭንቅላት ማውራታቸውን ቀጠሉ።

እሁድ በሚኒባስ ዘመዶቻቸው ወዳሉበት ወደ ሀርሺን ሄድኩ። ሆዳን ከዘመዶቿ ጋር ለቅሶ ላይ ነበረች። ደብተሩን ስታየው መጀመሪያ ግራ ገባት። "ሀ ስኒ ነው፣ በ የተደፋ ስኒ" አልኳት። ከዚያ በኋላ ረሳችኝ። ጣቷን መስመሩ ላይ እያስኬደች፣ በሹክሹክታ አነበበች። አንድ ገጽ ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

"እዚህ ጋ ተሳስተሻል" አለችኝ እያለቀሰች። "አባዬ እንዲህ አይልም።" እርሳስ ፈልጋ አንዲት በ ሰርዛ ሀ አደረገቻት።

አሁን መዓሊንን ከሥራ የሚያባርራቸው ስለሌለ፣ ሆዳንም ጻፊው ስላለችኝ ይህን ታሪክ ጻፍኩት። እነዚያ ሰዎች ቢያነቡትም ስለ ሌላ ኮሌጅ ነው ይላሉ እንጂ ራሳቸውን አያገኙበትም።

ዛሬም ሻይ ስቀዳላቸው ወሬው ያው ነው። "ያን የመሰለ ጭንቅላት አንዲት መስመር ሳይጽፍልን አፈር ይብላው?" ይላሉ ከንፈራቸውን እየመጠጡ። ስኳራቸውን አማስላለሁ፣ አንድ ቃል አይወጣኝም። ድሮ ዝም የምላቸው አፍሬያቸው ነበር። አሁን ንቄያቸው ነው።